ሽቅብ ሙሉ፣ ቁልቁል ባዶ

ማታ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ሲለቀቅ የጎሮ አካባቢ መንገድ በሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡሶች ይሞላል። በመካከላቸው ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ቀስ እያለ ያልፋል። ውስጡ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶና ታሽጎ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ልብስ አለ። ተሳቢው ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የኮዬ ፈጬን ኮንዶሚኒየሞች ካለፈ በኋላ ሁለት ዕድል አለው። ወይ በዚያው በጎማው አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ገላፊን እያለ እስከ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ወይ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ፣ እንዶዴ ላይ፣ ሸክሙን ለባቡር ያስረክባል።

እንዶዴ ላይ ያንን ሸክም የሚረከበውን ሰው የሚያውቀው የለም። ቦሌ የፓይለት አገር ነው። ደንብ ልብሱን ለብሶ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ልጅ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ ስሙን ይጠራል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚመላለሰውን የቀላል ባቡር ነጂ እንኳ የሠፈሩ ሰው በመስተዋቱ ውስጥ ያየዋል። የጭነት ባቡር ሹፌር ግን ተሳፋሪ የለውም፤ የሚሸኘውም የሚቀበለውም የለም። ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን ቢበዛ 100 ቶን ገደማ ያነሳል። የፉርጎዎቹ ክብደት ተቀንሶ እንኳ፣ ሙሉ ጭነት የያዘ አንድ ባቡር የሚያጓጉዘው የሃያ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ጭነት ነው። ያን ሁሉ ይዞ ሌሊቱን የሚነዳው ሰው ሥራ ምን እንደሚመስል ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

ሥራው ከመንዳት አይጀምርም። ሹፌሩ በእንዶዴ ሰፊ ግቢ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ወረቀት ነው፦ ባቡሩ ስንት ፉርጎ እንዳለው፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ በየትኛው የመስመሩ ክፍል ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት። ከዚያ ሎኮሞቲቩን ይመረምራል። የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር የጭነት ሎኮሞቲቮች ቻይና ሠራሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 7,200 ኪሎዋት ጉልበት ሲኖራቸው፣ ከራስ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ይስባሉ። ከኋላቸው የሚቀጠለው የኮንቴይነር ባቡር እስከ 53 ፉርጎ ይደርሳል፤ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቢጫንበት 106 ይይዛል። ከራስ እስከ ጭራ ከ700 ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ የባቡሩን ጭራ አያየውም።

ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው ትልቁ ነገር የፍሬን ሙከራ ነው። የባቡር ፍሬን እንደ መኪና ፍሬን አይደለም፤ አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንድ የአየር ቱቦ ይዘልቃል። ቱቦው በ5 ባር ገደማ ግፊት ሲሞላ ፍሬኖቹ ይለቃሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይይዛሉ። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 በጀመረውና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሻሻለው በዚህ ዘዴ፣ ባቡሩ መሀል ለመሀል ቢበጠስ ቱቦውም አብሮ ስለሚበጠስ የተቆረጠው ጭራ ሳይቀር በራሱ ይቆማል። ብልህ ፈጠራ ነው። ለሹፌሩ ግን አንድ ዕዳ ትቶለታል፦ የግፊቱ ለውጥ ከፊት እስከ ኋላ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ተደጋግሞ የተያዘ ፍሬን ደግሞ አየሩ እንደገና እስኪሞላ ድረስ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በችኮላ እየያዘ እየለቀቀ የሚጫወት ሹፌር፣ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ፍሬን ሊያጣ ይችላል።

ከእንዶዴ ወደ ጅቡቲ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ፣ ዳገቶቹን ሳንዘነጋ፣ በጥቅሉ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አዳማ ወደ 1,600 ይወርዳል፤ አዋሽ ሲደረስ 900 አካባቢ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሚኤሶና ድሬዳዋ መልሶ ይወጣል፤ በመጨረሻም በጅቡቲው የነጋድ ጣቢያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይደርሳል። በእንስራ ውኃ ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስ ሴት ቁልቁለት ላይ እርምጃዋን የምትመጥነው እንስራው እንዳይቀድማት ነው፤ የሹፌሩም ጥበብ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ዘግይቶ በመያዝ ሳይሆን ቀድሞ በማሰብ ነው። በዘመናዊዎቹ ሎኮሞቲቮች ላይ የሚረዳው ሌላ ፍሬን አለ፦ ቁልቁለት ላይ ሞተሮቹ ጄኔሬተር ይሆናሉ። ጎማውን እየያዙ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይመልሱታል። ወራጁ ባቡር ከጉልበቱ ከፊሉን ለመስመሩ ይከፍላል ማለት ነው።

ሽቦው ራሱ ሌላ ትምህርት ነው። ከአንዱ የኃይል ጣቢያ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ፣ በየተወሰነ ርቀት ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ የሌለበት አጭር ክፍል ይተዋል። እዚያ ሲደርስ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ባቡሩ በያዘው ግስጋሴ ብቻ ተንሳፍፎ ያልፋል፤ ከዚያ ኃይሉ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ዳገት ላይ፣ ከኋላ ሦስት ሺህ ቶን ሲጎትት ግን፣ ሹፌሩ ያንን ክፍል ከብዙ ርቀት ጀምሮ ማሰብ አለበት። ፍጥነቱ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ባቡሩ ኃይል በሌለበት ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ነው መስመሩን ማወቅ ሎኮሞቲቩን ከማወቅ የማይተናነሰው። ሹፌር መስመሩን በቃሉ ይይዘዋል፤ ኩርባው የት እንደሚጀምር፣ ዳገቱ የት እንደሚያልቅ፣ ምልክቱ ከየትኛው ኮረብታ ጀርባ ብቅ እንደሚል በጨለማም ያውቀዋል።

ቢሾፍቱና ሞጆ ታልፈው አዳማ ሲደረስ የመስመሩ ጠባይ ይለወጣል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሀዲዱ ጥንድ ነው፤ የሚመጣና የሚሄድ ሳይገናኝ ይተላለፋል። ከአዳማ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ነጠላ ነው። ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ አንዱ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ማን ይጠብቅ፣ ማን ይለፍ የሚለውን የሚወስነው የቁጥጥር ማዕከሉ ነው፤ ሹፌሩ በሬዲዮ ይሰማል፤ ምልክቱ እስኪፈቅድለት ይቆማል። የጭነት ባቡር ሹፌር ከሥራ ሰዓቱ ውስጥ ቀላል የማይባለውን የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ሌሊት፣ ሞተሩን እያዳመጠ ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ይጠብቃል። ይህን ጥበቃ ሥራ አይደለም የሚል ካለ፣ ነቅቶ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም አያውቅም።

መተሐራ ላይ በስተቀኝ በስተግራ ውኃ ይታያል። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የድሮው ባቡር መስመር እዚህ ላይ ከሐይቁ ጋር ለዓመታት ሲታገል ኖሯል፤ ውኃው በመጣ ቁጥር የሀዲዱ መደብ ከፍ ይደረግ ነበር። አዲሱም መስመር ከዚሁ ጎረቤት ማምለጥ አልቻለም፤ በውኃው መሀል በተሠራ መደብ ላይ ያልፋል።

ቀጥሎ አዋሽ ነው። ጥር 1977 ዓ.ም. በድሮው መስመር ላይ ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር በአዋሽ ከተማ አቅራቢያ፣ ገደል ላይ ወዳለው ድልድይ በሚያስገባው ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ፉርጎዎቹ ከሀዲዱ ወጥተው ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊው አደጋ ተብሎ ይጠቀሳል። ያ ሌሎች ሀዲዶች፣ ሌሎች ባቡሮች የነበሩበት ዘመን ነው፤ አዲሱ መስመር የተሠራውም በሌላ ደረጃ ነው። የኩርባ ሕግ ግን አልተለወጠም። ለሥራው አዲስ የሆነ ወጣት ሹፌር ስለ ፍጥነት ወሰን ሲማር፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከአዋሽ የተሻለ ትምህርት አያገኝም። አሳዛኝ ትምህርት ነው፤ ሆኖም ሊረሳ አይገባም።

የዛሬው ጋቢና ስህተት እንዳይፈጠር የሚረዱ መሣሪያዎች አሉት። በዘመናዊ ሎኮሞቲቮች ላይ ሹፌሩ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ካልነካ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ መልስ ከጠፋ ባቡሩ በራሱ ይቆማል። ከመሣሪያው ጎን ደግሞ የቆየ የሰው ዘዴ አለ። በጃፓን ተጀምሮ በቻይናም ሥር የሰደደው ደንብ፣ ሹፌሩ ምልክት ባየ ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ ያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያዝዛል፤ አብሮት ያለው ረዳትም ይደግማል። ለማያውቀው ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ጣትን መቀሰር ያስገርማል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓን የባቡር ምርምር ተቋም ባደረገው ሙከራ፣ ሳይጠቁሙና ሳይናገሩ ሲሠራ ከ100 ድርጊት 2.38 የነበረው ስህተት፣ እየጠቆሙ ሲናገሩ ወደ 0.38 ወርዷል። ዓይን ያየውን አእምሮ ሳያስተውለው ያልፋል፤ አፍና እጅ ሲታከሉ ግን ማለፍ ይከብደዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ሲከብድ፣ ይህ ልማድ ሕይወት ያድናል።

ከአዋሽ ወዲያ አገሩ የአርብቶ አደር ነው። አፋሩ፣ ኢሳው፣ ከረዩው ከብቱንና ግመሉን ይዞ ሀዲዱን ይሻገራል፤ ሣርና ውኃ ከሀዲዱ ወዲህም ወዲያም አለና። ግመል መንገድ ላይ ሲቆም ለመኪና አይቸኩልም፤ ሀዲድ ላይ ሲቆም ለባቡርም አይቸኩልም። መኪና ያጥፋል፤ ባቡር ማጠፍ አይችልም። ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ፍሬኑን ይይዛል፣ ከዚያ ብዙ መቶ ሜትሮች እስኪያልፉ ድረስ በእጁ ያለ ሌላ ነገር የለም። ከብት የተገጨበት ባለቤት ደግሞ ንብረቱን አጥቷል፤ ለአርብቶ አደር አንዲት ግመል የልጅ ወተት፣ የጥሎሽና የክፉ ቀን መያዣ ናት። በዚህ ምክንያት ባቡር የቆመበት፣ ካሣ የተጠየቀበትና ሽማግሌ የተቀመጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ጉዳዩን በሹፌሩ ቸልተኝነት ወይም በእረኛው ጥፋት ብቻ ማየት ስህተት ነው። ሀዲዱ የመጣው በግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ በቂ መሻገሪያና አጥር የመሥራት ዕዳ የመስመሩ ነው።

ሀዲዱ ላይ የሚደርሰው ሌላው ጉዳት ከስርቆት ይመጣል። የመስመሩ ብረት፣ ብሎንና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተፈታ የሚወሰድበት አጋጣሚ ለድርጅቱ የቆየ ራስ ምታት ነው። ብሎን የፈታ ሰው የሚያየው ጥቂት ብር ይሆናል። ሹፌሩ ግን ምንም አያይም፤ የፊት መብራቱ የላላ ብሎን አያሳየውም።

ከድሬዳዋ ወደ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል። ድንበሩ ታልፎ አሊ ሳቢህና ሆልሆል ላይ፣ ከዚያም በነጋድ ሜዳ፣ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ሙቀቱ የሚያሰቃየው ሰውን ብቻ አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሀዲድ የሙቀት መጠኑ 30 ዲግሪ ሲጨምር 35 ሴንቲሜትር ገደማ መርዘም ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ወደ ጎን ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ ሹፌር በጠራራ ፀሐይ የሀዲዱን መስመር በዓይኑ እየለካ ይነዳል፤ ጥርጣሬ ካደረበት ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ለጭነት ባቡር የተቀመጠው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። በተግባር ግን ከዚያ በታች እንዲነዳ የሚያስገድደው ብዙ ነው።

በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ላይ ሥራው ይገለበጣል። ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ በክብደት ከምትልከው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቡናው፣ ጥራጥሬው፣ የቦሌ ለሚ ልብስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከነሱ ጋር ደግሞ ባዶ ኮንቴይነር በብዛት ይወርዳል። የሚወጣው ግን ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ የምግብ ዘይት፣ ማሽንና መኪና ነው። ለሹፌሩ ይህ ማለት ቁልቁል ሲሄድ ቀላል፣ ሽቅብ ሲመለስ ከባድ መሆኑ ነው። መልክዓ ምድሩና ንግዱ በአንድነት ተባብረው ከባዱን ጭነት ወደ ዳገት አዙረውታል።

ያንን ከባድነት በቁጥር ማየት ይቻላል። 3,500 ቶን የሚመዝን ባቡርን ከባሕር ጠለል አንስቶ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ለማድረስ፣ የጎማ ፍትጊያና የነፋስ ግፊት ሳይቆጠር፣ ወደ 20,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ይህ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ነው። መሀል ላይ የሚወረዱና እንደገና የሚወጡ ኮረብቶችም አሉ። የሚገፋው ደግሞ ብረት በብረት ላይ ነው፤ የባቡር ጎማ ሀዲዱን የሚነካው በሳንቲም ስፋት ልክ ነው። ይህ ለመንከባለል ይመቻል፤ ለመቆንጠጥ ግን አይመችም። ክረምት ላይ ከሞጆ ወደ እንዶዴ በሚወጣው መስመር ካፊያ ሀዲዱን ሲያርሰው ጎማው ባለበት መሽከርከር ይጀምራል። ሎኮሞቲቩ ለዚህ አሸዋ ይይዛል፤ በቱቦ ከጎማው ፊት ይረጨዋል። 7,200 ኪሎዋት ያለው ዘመናዊ ማሽን ዳገት ላይ ሲጨንቀው የሚታመነው አሸዋን ነው። በጣም በሚከብደው ቦታ ደግሞ ሁለት ሎኮሞቲቭ ይቀጠላል።

በዚህ መሀል መብራት ቢጠፋስ? መስመሩ ኃይል የሚያገኘው ከአገሪቱ ዋና የኤሌክትሪክ መረብ ነው፤ መቆራረጥ ሲደርስ ባቡሩም አብሮ ይቆማል። ዳገት ላይ የቆመ ከባድ ባቡር የሹፌር ፈተና ነው። ፍሬኑ ለጊዜው ይይዛል፤ ፍሬኑን የያዘው አየር ግን ከየፉርጎው የፍሬን ሲሊንደር ቀስ በቀስ ያፈተልካል። ጥበቃው ከረዘመ ፉርጎዎቹ በእጅ ፍሬን ወይም በጎማ ማገጃ መታሰር አለባቸው። ያ ማለት በሌሊት፣ በጠጠር ላይ፣ ከፉርጎ ፉርጎ በእግር መሄድ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ደግሞ ከቆመበት ዳገት ላይ ሳይንሸራተትና ማያያዣውን ሳይበጥስ መነሳት አለ። ይህን በሚገባ የሚሠራ ሰው የተካነ ባለሙያ ነው፤ የሚገባውን ክብር አግኝቷል ማለት ግን አይቻልም።

ነገሩን በሌላ አገር መነጽር ማየት ይጠቅማል። በኔዘርላንድ ከሮተርዳም ወደብ እስከ ጀርመን ድንበር የሚዘልቀው የቤቱወ መስመር ለጭነት ባቡር ብቻ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2007 ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 160 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰበታ ነጋድ ያለው 752 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም መስመሮች በ25,000 ቮልት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ወደብን ከመሀል አገር ያገናኛሉ። የሆላንዱ ሹፌር ግን ዳገት አያውቅም፤ አገሩ ከባሕር ጠለል በታች ጭምር የተዘረጋ ሜዳ ነው። የሱ ፈተና ሌላ ነው፦ ሌላው የአገሩ የባቡር መረብ በአብዛኛው በ1,500 ቮልት ስለሚሠራ፣ ድንበር ሲያልፍም የጀርመን ደንብና ምልክት ስለሚጠብቀው፣ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ከአንዱ የኤሌክትሪክና የደኅንነት ሥርዓት ወደ ሌላው ይዛወራል። የጎረቤቱን ቋንቋም በተወሰነ ደረጃ መቻሉን በፈተና ማረጋገጥ አለበት። የኛው ሹፌር ደወሌን ሲያልፍ ሽቦውም ምልክቱም አይቀየርበትም። ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች ነው፤ ድርሻው ለኢትዮጵያ 75፣ ለጅቡቲ 25 በመቶ ሆኖ በአንድ ሥርዓት ይሠራል። ሌሊት መሥራት፣ ከቤተሰብ መራቅ፣ ሰው በማይኖርበት ጣቢያ መጠበቅ ግን ለሁለቱም እኩል ነው።

ይህ ሙያ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መስመር የመሥራት ፈቃድ ሰጡ፤ ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሀዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የባቡር ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አንድ ክፍለ ዘመን ገደማ ሆኖት ነበር። ነገር ግን አሮጌው መስመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ቆመ። አዲሱ ሲመጣ ከአሮጌዎቹ ነጂዎች ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተው ነበር። በዚህ መሀል የጠፉት ዓመታት ዋጋ አስከፍለዋል፤ ልምድ ከአንዱ ወደ ሌላው በጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚተላለፍ እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ አይደለም።

ስለዚህ አዲሱ መስመር ሲጀመር ጋቢናው የቻይናውያን ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ለቡ ጣቢያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ መርቀውት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ ሥራ ጀመረ። የገነቡት ሁለቱ የቻይና ድርጅቶች ለስድስት ዓመታት እንዲያስተዳድሩት ውል ተገባ። ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ወጣቶች ቻይና ሄደው ሠለጠኑ፤ ተመልሰው ከቻይናውያን ሹፌሮች ጎን ተቀመጡ፤ ቀስ በቀስም መሪውን ተረከቡ። አስተዳደሩ በይፋ የተላለፈው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። በሥርዓቱ ላይ የተነገረው ስለ ሰነድና ስለ ንብረት ርክክብ ነበር። ትልቁ ርክክብ ግን ከዚያ በፊት፣ በጋቢና ውስጥ፣ ሌሊት በሌሊት የተካሄደው ነው።

የመስመሩ የመጀመሪያ ጭነት ምን እንደነበረም መጥቀስ ያሻል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሪቱን ከባድ ድርቅ ሲመታ መስመሩ ገና አላለቀም ነበር፤ ሽቦው ኤሌክትሪክ አላገኘም። ሆኖም የጅቡቲ ወደብ በእህል መርከብ ሲጨናነቅ፣ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ የእርዳታ እህል ወደ መሀል አገር መሳብ ተጀመረ። ለመመረቅ አንድ ዓመት ገደማ የቀረው መስመር የመጀመሪያ ሥራው የተራበን ሰው መድረስ ሆነ። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ከዘር ወቅት በፊት ማዳበሪያ ሲጓጓዝ የሚታየው ጥድፊያ ያው ነው፤ የአርሶ አደሩ ቀን አይጠብቅም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለ ነዋሪ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ጭነቱ እንዶዴ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና የተሳቢ ነው። ቦሌ ለሚ ያሉ ፋብሪካዎች በራቸው ድረስ የሚገባ ሀዲድ የላቸውም። ባቡሩ ጨርቁን ከባሕር አንስቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ካመጣው በኋላ የቀረችው አጭር መንገድ ማንሳት፣ መጫን፣ ማውረድና ሰልፍ ትጠይቃለች። ባለ ፋብሪካ በባቡር ልጫን ወይስ በመኪና ብሎ ሲያሰላ ባቡሩን የሚያስቀረው አንዳንዴ ይህችው አጭር መንገድ ናት። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ተሳቢ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ባቡሩ መስመሩ ነጻ ከሆነለት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሹፌሩ በዳገቱ ላይ ያተረፈው ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ በመኪና ሰልፍ ሲባክን ያሳዝናል። ከእንዶዴ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ያለው ትስስር ከመስመሩ ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የሹፌር ፍላጎቱም እዚህ አያበቃም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ የሠራው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጉዳት ደርሶበት ሥራ ሳይጀምር ቆይቷል። ተጠግኖ የሚከፈት ቀን ጭነቱ ከአዋሽ ቆላ ወደ ወሎ ተራሮች በዋሻ በድልድይ ይወጣል፤ የሚነዱትም ሰዎች ያስፈልጋሉ። እነሱን ለማሠልጠን ቻይና መሄድ የግድ አይሆንም። ከእንዶዴ ነጋድ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት በቃላቸው የያዙ፣ ክረምቱንም ሐሩሩንም ያዩ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች አሁን አሉ፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ተማሪና ከጉዞ መልስ የሚያስተምሩበት ጊዜ ከተሰጣቸው ይበቃል።